ከደባርቅ የሚጀምር ቀዶ ጥገና

ሊማሊሞን የወረደ ሰው ለውጡን በጆሮው ይሰማዋል። ጣሊያን ገደሉን ጠርቦ ያወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ከደጋው ወደ ቆላው ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፣ ጋቢ ይወልቃል፣ ጠዋት ገብስ ያየ ዓይን ከሰዓት ማሽላ ያያል። ጄፍሪ ሃሪሰን የተባለ የኦክስፎርድ ተመራማሪና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ ወደዚህ የመጡት ለዚሁ ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ላይ ደባርቅ፣ 3,000 ሜትር ገደማ፤ ታች አዲ አርቃይ፣ 1,500። የሕዝቡ ዘር አንድ፣ ቋንቋው አንድ፣ አየሩ ሁለት። ደረት ለኩ፣ ደም መረመሩ፣ ሳንባ የሚይዘውን አየር ፈተሹ፤ ውጤቱም በ1969 በብሪታንያ ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ወጣ። በ1976 ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋና ቆላ ስለሚኖር ሰው የደም ግፊት ራሱን የቻለ ጽሑፍ ታተመ።

ይህን ያነሳሁት የድሮ ምርምር ልተርክ ብዬ አይደለም። ላወራ የፈለግሁት ስለ አንድ ከባድ ቀዶ ጥገና ነው፤ ደባርቅ ላይ ማንም የማይሞክረው፣ መሞከርም የሌለበት። ሥራው የሚጀመረው ግን እዚሁ ነው፣ ክንድ ላይ በምትጠመጠመው በዚያች የደም ግፊት መለኪያ ጨርቅ።

«እህቴ፣ ሹራብሽን አውልቂልኝ፤ በላዩ ላይ ከለካሁት ልክ አይመጣም» ይላል ነርሱ። ሴትዮዋ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ከጋቢ ሥር ሹራብ፣ ከሹራብ ሥር ቀሚስ ደርባለች። የደባርቅ ብርድ ያስገድዳል። ማሰሪያው ይነፋል፣ ይተነፍሳል፣ ቁጥሩ ይነበባል፦ 190 በ120። ነርሱ ያላመነ መስሎ በሌላው ክንድ ይደግማል። ያው ነው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲለካት ደግሞ 130 በ80 ሆኖ ያገኘዋል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብሎ ሌላ ያመጣል።

«አንዳንዴ ልቤ ትደልቃለች» ትለዋለች። «ላብ ያጠምቀኛል፣ ራሴን ይፈልጠኛል። ፊቴ አመድ ይመስላል ይሉኛል። ከዚያ ደግሞ እንዳልነበር ይሆናል።»

ይህች ሴት አንዲት የታወቀች ሰው አይደለችም። ሐኪሞች የሚያውቁት የበሽታው መልክ በአንድ ሰው ላይ ሲሰበሰብ ይህን ይመስላል። ለሁለት ዓመት ያልሄደችበት የለም። ጸበል ገብታለች። ጎረቤት ዛር ነው ብሎ መክሯታል፤ ድንገት መጥቶ ሰውን አንቀጥቅጦ ለሚሄድ ነገር በዚህ አገር የቆየ ስም አለው፤ ሚሼል ሌሪስ የተባለው ፈረንሳዊ በ1932 ጎንደር ተቀምጦ ስለ ዛር ብዙ ገጽ የጻፈው በከንቱ አልነበረም። ጤና ጣቢያ ስትሄድ ደግሞ ግፊቷ ደህና በሆነበት ሰዓት ስለምትደርስ «ጭንቀት ነው» ተብላ ትመለሳለች። ማንንም መውቀስ አይቻልም። በሽታው ራሱ ከምርመራ የሚሸሽ ነው።

ነገሩ ያለው ከኩላሊቷ በላይ ነው። ግራና ቀኝ በእያንዳንዱ ኩላሊት አናት ላይ እንደ ቆብ ጣል ያለች አንዲት ዕጢ አለች፤ ሐኪሞች አድሬናል ይሏታል። ክብደቷ ከአምስት ግራም አይበልጥም። ባርቶሎሜዎ ኤውስታኪ የተባለ ጣሊያናዊ የአካል ሊቅ በ1563 ለይቶ ገልጿታል፤ ምን እንደምትሠራ ለማወቅ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት መቶ ዓመት ገደማ ፈጅቷል። የውጪው ቅርፊቷ ጨውንና ውሃን የሚቆጣጠረውን አልዶስትሮንን፣ ስኳርንና መቆጣትን የሚገዛውን ኮርቲሶልን ያመነጫል። ውስጧ ደግሞ አድሬናሊንንና ኖርአድሬናሊንን፤ ጅብ ያየ ሰው የሚሮጥበትን ኃይል። ከዚህች ውስጠኛ ክፍል እባጭ ሲወጣ ጅብ በሌለበት ያንን ኃይል ባልታሰበ ሰዓት ወደ ደም ይረጨዋል። የበሽታው ስም ፊዮክሮሞሳይቶማ ይባላል።

ብርቅ ነው። በዓለም ላይ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በዓመት የሚገኘው ከሁለት እስከ ስምንት ነው። አንድ ሐኪም ደባርቅ ላይ ዕድሜ ልኩን ቢያገለግል አንድ ወይም ሁለት ቢያይ ነው፤ አይቶ ሳያውቀውም ሊያልፍ ይችላል።

ደባርቅ ያለችበት የስሜን ደጋ ግን ለዚህ በሽታ ጥናት ብዙ ሰው ባልጠበቀው በኩል ቅርብ ነው። ከሃሪሰን በኋላ ሲንቲያ ቢል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ወደ አምባራስ ወጣች፤ 3,530 ሜትር ላይ። በ2002 ባሳተመችው ጥናት ያየችው አስገራሚ ነበር። በአንዲስ ተራሮች የሚኖር ሰው አየሩ ሲሳሳ ደሙን ያወፍራል፤ የቲቤት ሰው ደግሞ በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ዝቅ ብሎ ይኖራል። የአምባራስ አማራ ግን ሁለቱንም አላደረገም። የሄሞግሎቢኑም የኦክስጅኑም መጠን ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም ነበር። በ2012 ደግሞ የስሜንን ደጋ ከዛሪማ ቆላ ሰዎች ጋር ያነጻጸረ የዘረመል ጥናት ኢትዮጵያውያን ከፍታውን የለመዱበት መንገድ ከቲቤቶቹ የተለየ እንደሆነ አመለከተ።

ይህ ከኩላሊት አናት ጋር ምን አገናኘው? ሕዋስ ኦክስጅን ሲያንሰው የሚያውቅበት ሥርዓት አለው፤ የዚህን ሥርዓት አሠራር ያገኙት ሦስት ሰዎች፣ ኬሊን፣ ራትክሊፍና ሴመንዛ፣ በ2019 ኖቤል ተሸልመዋል። ፊዮክሮሞሳይቶማ ከሚነሳባቸው የዘር ጉድለቶች በርካታዎቹ የሚገኙት እዚሁ ሥርዓት ውስጥ ነው። ሕዋሱ በቂ አየር እያለው የታፈነ ይመስለዋል፤ እየመሰለውም ይባዛል። ቲቤቶችን ከከፍታ ጋር ያስማማው ኢፒኤኤስ1 የተባለ ዘረመል ሌላ ዓይነት ለውጥ ሲደርስበት ይህንኑ እባጭ ሲያመጣ ታይቷል። በፔሩ ተራሮች ደግሞ በአንገት ላይ ያለችው፣ ኦክስጅንን የምትለካው ትንሽ አካል እባጭ የምታወጣው ቆላ ላይ ከሚኖሩት በአሥር እጥፍ ገደማ በልጦ እንደተገኘ በ1973 የታተመ ጥናት ይናገራል። ያች አካልና የአድሬናል ውስጠኛ ክፍል በፅንስ አመጣጣቸው ዘመዳሞች ናቸው።

ከዚህ ተነስቶ «የስሜን ሰውም እንደ ፔሩ ነው» የሚል ቢኖር ቸኩሏል። የአንዲሱ ሰው አካል ከአየሩ ጋር ሲታገል የኖረ ነው፤ የአምባራሱ ደሙን ሳያወፍር ከዚያው ከፍታ ጋር ተስማምቷል። ጥያቄው ግን የደባርቅና የዳባት ሐኪሞች ከማንም ቀድመው ሊያነሱት የሚገባ የራሳቸው ጥያቄ ነው።

ዳባት ለዚህ የሚሆን መሠረት ከብዙ ቦታ የተሻለ አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ዳባት ላይ የምርምር ጣቢያ አለው፤ ቤት ለቤት እየዞሩ የተወለደውን፣ የሞተውን፣ የመጣውንና የሄደውን ይመዘግባሉ። ሰው ሲሞት መርማሪው ከሐዘንተኛው ቤት ገብቶ አሟሟቱን ይጠይቃል፦ ሳለ? አተኮሰው? አበጠ? ለወባ፣ ለወሊድ፣ ለሳንባ ነቀርሳ ይህ ብዙ ይናገራል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተወለደው እንዲህ ካለ ነገር ነው። በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ካስጨነቃት በኋላ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ለገጠሩ ጤና መኮንን እያሠለጠነ ላከ። በአድሬናል እባጭ የሞተ ሰው ግን በዳባቱ መዝገብ በስሙ አይገኝም። በአርባ ዓመቱ ማሳ ላይ ራሱን ይዞ የወደቀ ገበሬ «ልቡ ነው» ወይም «ደም ፈሶበት ነው» ተብሎ ይጻፋል፤ ሐዘንተኛው ያየው ይህንኑ ነውና።

ወደ ሴትዮዋ እንመለስ። ደባርቅ ላይ የሚደረግላት ትልቁ ነገር መጠርጠር ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ አለመጉዳት። ሁለተኛው ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። ልቧ ይደልቃል፤ ስለዚህ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል መስጠት እጅን የሚስብ ነገር ነው። በሌላ ታማሚ ላይ ልክ ነው። በእሷ ላይ ግን የደም ሥሮቿን የሚያላላ ሌላ መድኃኒት ሳይቀድም ከተሰጣት ሥሮቹ የባሰ ይጠባሉ፤ ግፊቱ ጣራ ይነካል፤ ልቧም ደክማ ሳንባዋ ውሃ ሊሞላ ይችላል። አስመለሰኝ ስትል የሚወጋላት ፕላሲል ደግሞ አለ። በየድንገተኛ ክፍሉ እንደ ዋዛ የሚሰጠው ይህ መርፌ እባጩን ቀስቅሶ ያለውን ሁሉ ባንዴ እንዲረጭ ሊያደርገው ይችላል። ዴክሳሜታዞንም እንደዚሁ። እርጉዝ ብትሆን ኖሮ መከራው ይብሳል፤ ግፊት ያለባት እርጉዝ የምትታከመው የእርግዝና ግፊት ነው ተብሎ ነው፤ ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ይህኛው ግን ምጥ ላይ ገዳይ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ነርሱ ማስታወስ ያለበት ሦስት ነገር ነው፦ እየመጣ የሚሄድ ራስ ምታት፣ ላብ፣ የልብ ድለቃ። ከከፍተኛ ግፊት ጋር፣ በተለይ በወጣት ሰው ላይ ሦስቱ አብረው ከታዩ «ጭንቀት ነው» ብሎ መሸኘት ይብቃ።

ሪፈሩ ተጻፈ። ከደባርቅ ጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዳባት፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በኮሶዬ አድርጎ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሰላም ካለ በሚኒባስ የግማሽ ቀን ጉዳይ ነው። ሰላም የሌለባቸው ወራት ደግሞ ነበሩ፤ በ2021 ጦርነቱ እስከ ዳባትና ደባርቅ ዳርቻ ደርሶ ነበር፤ ከ2023 ወዲህም በክልሉ መንገድ ተከፍቶ ይዘጋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ያለው ሰው ሪፈሩን ይዞ ከሄደ ሕክምናው ይሸፈንለታል። የአስታማሚው አልጋና ምግብ ግን በደብተሩ ውስጥ የለም። ብዙ ቤተሰብ በሬ የሚሸጠው ለዚህኛው ነው።

ጎንደር ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው እባጩ አድሬናሊን ያመነጫል ወይስ አያመነጭም የሚለው ነው። ምርመራው አድሬናሊን ሲሰበር የሚተወውን ቅሪት በደም ወይም በሽንት ውስጥ መፈለግ ነው። በአገራችን ይህንን የሚሠራ ላቦራቶሪ በየቦታው የለም፤ ናሙናው ብዙ ጊዜ ወደ ውጭ አገር ተልኮ ነው ውጤቱ የሚመጣው፣ ዋጋውም የዋዛ አይደለም። በሽንት ከሆነ የ24 ሰዓት ሽንት ያስፈልጋል። በወረቀት ላይ አንድ መስመር ነው። ዘመድ ቤት አርፋ፣ ግቢው ውስጥ አምስት ቤተሰብ በጋራ በሚጠቀምበት ሽንት ቤት፣ ውስጡ አሲድ ያለበትን ጀሪካን ይዛ ቀንና ሌሊት ለምትመላለስ ሴት ግን የአንድ ቀን ስቃይ ነው። አንዴ ረስታ ከደፋች ሁሉም እንደገና ነው። ይህን በትዕግሥት፣ በቋንቋዋ፣ «አንድ ጠብታ እንዳይቀርሽ» ብሎ የሚያስረዳ ሰው ከማሽኑ እኩል ዋጋ አለው ባይ ነኝ።

ቀጥሎ ሲቲ ስካን ነው። ምስሉ ላይ የእባጩ ጥግግት በቁጥር ይነበባል፤ ስብ ሲበዛው ቁጥሩ ይወርዳል፤ ከ10 በታች ከሆነ ጤናማ የቅርፊት እብጠት የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። ለሆድ ቁርጠት ሲቲ የተነሳ ሰው ላይ ሳይታሰብ እንዲህ ያለ ነገር መታየቱ የተለመደ ነው፤ ሲቲ ከተነሱ ጎልማሶች ከመቶ አራት ገደማ ላይ ይገኛል፤ አብዛኛው ምንም የማያደርግ ነው። ከአራት ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ ጠርዙ የተዛባ፣ ስብ የሌለው ሲሆን ካንሰር ይጠረጠራል። በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ ይጨመራል። ቶማስ አዲሰን በ1855 የእነዚህን ዕጢዎች መሞት ሲገልጽ ከታማሚዎቹ ብዙዎቹን የገደላቸው ሳንባ ነቀርሳ ነበር፤ ነቀርሳው ሁለቱንም ዕጢዎች አሳብጦ ይበላቸዋል። ሁለቱም አብጠው የመጡለት ኢትዮጵያዊ ሐኪም ቢላዋ ከማንሳቱ በፊት አክታንና ሳንባን ቢያይ፣ ታማሚውን ከማያስፈልግ ቀዶ ጥገና፣ ምናልባትም ከሞት ያድነዋል። «እስቲ በመርፌ ቀድተን እንየው» የሚለው ሐሳብ ደግሞ፣ እባጩ አድሬናሊን እንደማያመነጭ ሳይረጋገጥ፣ በፍጹም አይሞከርም። የመርፌዋ ጫፍ ብቻ ማዕበሉን ልትቀሰቅስ ትችላለች።

ምርመራው አበቃ፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ ነው፣ በቀኝ በኩል፣ አምስት ሴንቲ ሜትር። አሁን ቢላዋ? ገና ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መድኃኒት መዋጥ አለባት። በመጻሕፍት የተመሰገነው ፊኖክሲቤንዛሚን እንደ ልብ አይገኝም፤ ፕራዞሲን ወይም ዶክሳዞሲን ይተካዋል። ሥራው ተጨብጠው የኖሩትን የደም ሥሮች ማላላት ነው። የመጀመሪያዋ ፍሬ ማታ፣ ከመኝታ በፊት ትዋጣለች፤ ቀን ከተዋጠች ሰው ቆሞ ሳለ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ሥሮቹ ሲላሉ ቦታው ይሰፋል፤ ስለዚህ ውሃና ጨው በብዛት ትወስዳለች፤ ግፊት ላለበት ሰው «ጨው ቀንስ» ሲባል ለኖረ ቤተሰብ ይህ ትእዛዝ የተገለበጠ ይመስላል። ጾም ከሆነ የንስሐ አባቷን ማማከር ያስፈልጋል። ቄሱ ብዙ ጊዜ ከቤተሰቡ ይልቅ ቶሎ ይፈቅዳሉ። ከቀናት በኋላ «አፍንጫዬ ተደፈነ» ስትል ሐኪሙ ደስ ይለዋል፤ መድኃኒቱ መሥራቱን ያሳያል። ልቧ አሁንም ከፈጠነች ያን ጊዜ፣ ያን ጊዜ ብቻ፣ ፕሮፕራኖሎሉ ይጨመራል። ተኝታና ቆማ ግፊቷ ይለካል። ሁለት ሳምንት ሙሉ አልጋ ይዛ «ምንም ሳልታከም ተቀመጥኩ» ብላ ወደ ደባርቅ ለመመለስ የምትነሳ ታማሚ ብትኖር አይደንቀኝም። ዋናው ሕክምና ይህ እንደሆነ ማን ነግሯት?

ይህ ዝግጅት ከመለመዱ በፊት የነበረው ዘመን አስፈሪ ነበር። በ1886 ፍራይቡርግ፣ ጀርመን ውስጥ ሚና ሮል የተባለች የ18 ዓመት ልጅ በድንገት ሞተች፤ ሐኪሞቿ በሁለቱም ዕጢዎቿ ላይ እባጭ አገኙ፤ በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በእሷ ነው። በ1926 ሴዛር ሩ በሎዛን፣ ቻርልስ ማዮ በሮቼስተር ይህን እባጭ አውጥተው ታማሚዎቻቸው ተረፉ። የማዮዋ ታማሚ መነኩሲት ነበረች፤ ማዮ ሆዷን ሲከፍት የሚያገኘውን አላወቀም ነበር። ዕድለኞች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ሳይዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ የወጡ ብዙዎች ከዚያው አልተነሱም። ዛሬ በቂ ዝግጅት ተደርጎ፣ ልምድ ባለው እጅ ሲሠራ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞቱም።

በቀዶ ጥገናው ቀን ክፍሉን የሚመራው ከቀዶ ሐኪሙ ይልቅ የማደንዘዣ ባለሙያው ነው። ከክንድ ማሰሪያው ሌላ እጅ አንጓ ላይ ባለችው የደም ቅዳ ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባል፤ ግፊቱ በእያንዳንዱ የልብ ምት ስክሪን ላይ ይታያል። ቀዶ ሐኪሙ እባጩን ባልታሰበ መንገድ ከነካው ቁጥሩ ባንድ ጊዜ ወደ 250 ሊወጣ ይችላል። «እጅህን አንሳ» ይላል የማደንዘዣ ባለሙያው፤ ሐኪሙ ያነሳል፤ መድኃኒት ይገባል፤ ቁጥሩ ይወርዳል፤ እንደገና ይቀጠላል። ከቀኝ ይሁን ከግራ ትልቅ ልዩነት አለው። በግራ በኩል የዕጢዋ ደም መልስ ረዘም ብላ ወደ ኩላሊቱ ደም መልስ ትገባለች፤ ለማሰር ቦታ አለ። በቀኝ በኩል ግን ያች ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ከጉበት ሥር፣ በቀጥታ በሆድ ውስጥ ካለው ትልቁ ደም መልስ ጎን ትገባለች። እዚያ ላይ ያለ ስህተት በደቂቃ ውስጥ ሊትር ደም ነው። የእኛዋ ሴት በቀኝ ናት።

በ1992 ሚሼል ጋኜ የተባለው ካናዳዊ ሐኪም ይህን ሥራ በትንንሽ ቀዳዳ፣ በካሜራ መሥራት እንደሚቻል አሳየ፤ ጀርመናዊው ማርቲን ቫልዝ ደግሞ ሆድን ጨርሶ ሳይነካ ከጀርባ የሚገባበትን መንገድ አዳበረ። በበለጸጉት አገሮች ትንንሽ እባጮች የሚወጡት እንዲህ ነው፤ ታማሚው በጥቂት ቀናት ቤቱ ይገባል። በአገራችን የካሜራ ቀዶ ጥገና እየሰፋ ቢመጣም ሆድ ከፍቶ መሥራት አሁንም የተለመደ ነው። በዚህ የሚያፍር ሰው ካለ አይፈር። በበቂ ዝግጅት ሆድ ተከፍቶ የወጣ እባጭ ያለ ዝግጅት በካሜራ ከወጣው እጅግ ይሻላል።

ደም መልሷ ታሰረች። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ይወድቃል፤ 250ን ሲፈሩ የነበሩት ሰዎች አሁን 70ን ይፈራሉ። እባጩ ሲለግሰው የኖረው አድሬናሊን በአንድ ክር ተቆርጧልና ደም ሥሮቹ ያለ ጠባቂ ቀሩ። ፈሳሽ በፍጥነት ይገባል፣ ትንሽ ቀደም ብሎ ሲታገሉት የነበረውን ኖርአድሬናሊን ራሳቸው በመርፌ ይሰጧታል። ሌሊቱን ፅኑ ሕሙማን ክፍል ታድራለች፤ ደሟ ውስጥ ያለው ስኳርም ሊወርድ ስለሚችል ጣቷ በየሰዓቱ ይወጋል።

የቀሩት የዚህች ዕጢ እባጮች እንዲህ አያስደነግጡም፤ ቁጥራቸው ግን ይበዛል። ጀሮም ኮን በ1955 የገለጸው አልዶስትሮን የሚያመነጨው ዓይነት ግፊቱን ያለ ማዕበል፣ ዝም ብሎ ከፍ ያደርገዋል፤ ፖታሲየምን ያወርዳል፤ ሰው እግሬ ከዳኝ ይላል። በግፊት ከሚታከሙት ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ይገመታል፤ ሦስትና አራት ዓይነት ኪኒን እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለው የደባርቅ ሰው ሊመረመር የሚገባው ለዚህ ነው። ቀዶ ጥገናው ባይመች እንኳ ስፓይሮኖላክቶን የተባለው ርካሽ ኪኒን አለለት። ኮርቲሶል የሚያመነጨው ደግሞ ፊትን ያነፋል፣ ሆድን ያገፋል፣ ጡንቻን ይበላል። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ሰው ሲያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ እባጭ ሳይሆን ስለ መድኃኒት ነው፤ ይህን መልክ ከእባጭ ይልቅ አብዝቶ የሚያመጣው ፕሬድኒሶሎንና ዴክሳሜታዞን ለረጅም ጊዜ መውሰድ ነው። እውነተኛ እባጭ ሆኖ ከወጣ በኋላ ደግሞ የቀረችው ዕጢ ለወራት ተኝታ ስለምትቆይ ምትክ ኪኒን ያስፈልጋል። ያ ኪኒን ደባርቅ ፋርማሲ ውስጥ ካለቀ ቀዶ ጥገናው በተሳካ በሦስት ወሩ ታማሚውን መቅበር ይመጣል።

እንግዲህ ማን ይሥራው? በአውሮፓ የዚህ ሙያ ሐኪሞች በዓመት ከስድስት በታች የሚሠራ ቦታ ባይነካው ይሻላል ብለዋል። ልክ ናቸው እላለሁ። ኢትዮጵያ ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና አሠልጥና ወደ ወረዳ ሆስፒታሎች መላኳ ምጥ የያዛትንና አንጀቱ የተቋጠረበትን አድኗል፤ እነዚህ ሰዎች የአድሬናል እባጭ ይንኩ የሚል የለም። ጎንደርም ብትሆን ከአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ጋር ተነጋግራ ጥቂት እጆች ብዙ የሚሠሩበትን መንገድ ብትመርጥ፣ ሁሉም ጥቂት ጥቂት ከሚሞክርበት ይበልጣል። ለዚህ ሲባል የሚወጣ ብር ካለ ለአዲስ ማሽን ከመሆኑ በፊት ለሦስት ነገር ይሁን፦ ጎንደር ላይ ለሽንቱ ምርመራ፣ ለማይቋረጥ ፕራዞሲን፣ ለአስታማሚ ማረፊያ።

ሴትዮዋ ደባርቅ ተመለሰች። ግፊቷ 120 በ75 ነው። መውጫ ወረቀቷ ላይ በየዓመቱ ትለካ፣ ምርመራውም ይደገም የሚል ተጽፏል፤ እባጩ ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ቢያንስ ለአሥር ዓመት። ከሥሩ ደግሞ ሌላ መስመር አለ፦ ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች ይመርመሩ። ከእንዲህ ዓይነት ታማሚዎች ከሦስት አንዱ ወይም ከዚያ በላይ በሽታውን ያገኘው ከዘሩ ነው። የሚና ሮል ዘመዶች በ2007 ሲመረመሩ፣ ከሞተች 121 ዓመት በኋላ፣ ያው የዘር ጉድለት በቤተሰቡ ውስጥ አሁንም ተገኝቷል።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መለኪያዋን ይዛ ቤታቸው ትመጣለች። ልጆቹ ይለካሉ፣ ታላቅ እህቷም። ታናሽ ወንድሟ መጀመሪያ «እኔ ምን ሆኜ?» ብሎ ይስቃል፤ ከዚያ ክንዱን ይሰጣል። ሌላው ወንድም ግን የለም፤ ሰሊጥ ሊያጭድ መተማ ወርዷል። ራሱን እንደሚፈልጠው፣ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ፣ የሚያውቁት እናቱ ናቸው። አጨዳው ሲያልቅ ይመጣል ብለዋታል፤ እሷም ስሙን ደብተሯ ላይ ጽፋ «ሲመጣ ወዲያው ጥሩኝ፣ እማማ» ብላ ወጥታለች።